የማይገጥም በር

ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ሲጠቀልል ደሴን፣
ጣሳ ከተደፋበት ደጅ ነበር የማገኘው ራሴን።
አናጢ ነኝ። ሁለት መለኪያ ነበረኝ በዕድሜዬ፣
አንደኛው ለጣውላ፣ ሁለተኛው ለጉሮሮዬ፤
የጣውላው ሲጠፋብኝ የጉሮሮው አልጠፋም፤
በሱ ለክቼ የገጠምኩት መስኮት እስከ ዛሬ አይዘጋም።

ለሚካኤል ተሳልኩ፤ ስለቴን ጠጣሁት።
በልጄ ራስ ማልኩ፤ ማተቤን ጨበጥኩት፤
በማግስቱ የማልኩበትን አፍ በካቲካላ አጠብኩት።

አንድ ቀን ከሆጤ በላይ፣ ከጤና ጣቢያው ጓሮ
ይመር የሚባል ሽማግሌ ወሰደኝ በሦስት መቶ ብር ቀጥሮ።
«በሩ አይገጥምም» አለኝ፤ «ማክሰኞ ማታ ሰው ይመጣል፤
ከቦርከና የሚነሳው ብርድ በዚህ በኩል ይገባል።»
«ምን ዓይነት ሰው?» አልኩት።
መዶሻ ያጠቆረው አውራ ጣቴን አየና
«ምስማሩን የሚስት ሰው» አለኝ።
ሌላ አልጨመረም።

የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር፤ ማጠፊያው ዝጎ ነው፤
ከውስጥ ግን ድምፅ ሰማሁ፤ «ስሜ እንድሪስ ነው፤
አባቴ አዛን ሲያሰማ፣ እኔ በጓሮ በር
በጥቁር ፌስታል ሸሽጌ የምገባ ነበር።
እናንተ አንዴ ታፍራላችሁ፣ እኔ ሁለቴ።
ዛሬ ግን አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው።»
አንድም ሰው አላጨበጨበ፣ አንድም ሰው አልመከረ፤
የሻይ ብርጭቆ ብቻ ከጠረጴዛው ጋር ተነጋገረ።

መሮዬን አነሳሁ፤ ያቃናሁትን መልሼ አጣመምኩ፤
«ገና ሳምንት ይፈልጋል» ብዬ ማክሰኞን ለመንኩ።
በሁለተኛውም ማክሰኞ እንዲሁ ለመንኩ።
በሦስተኛው በሩን ከማጠፊያው ነቅዬ እንደያዝኩ
ከውስጥ አንዲት ሴት ተናገረች። ድምፁን አወቅኩ።

እትዬ ከበቡሽ! የሰኞ ገበያዋ!
ስንት ሌሊት አድሬያለሁ፣ እኔው በጠገንኩት አግዳሚዋ።
«ስቀዳ ስቀምስ» ትላለች፣ «ስቀምስ ስቀዳ፣
ማን አስካሪ ማን ሰካራም ሳይለይ ነጋ ስንት ማለዳ።
አንድ አናጢ ደንበኛ ነበረኝ፤ ብር ሲያልቅበት
መጋዙን መያዣ ጥሎልኝ የሄደ አንድ ሌሊት፤
አሁንም አልጋዬ ሥር ነው፤ ስተኛ ጥርሱ ይሰማኛል፤
እንጨት የለ ካጠገቡ፣ እኔኑ ይገዘግዘኛል።»

እግሬ ሥር ያለውን መጋዝ አየሁ፤ የጎረቤቴ ነው፤
ውሰት።
በሩን እንደ ጋሻ አቅፌ ቆምኩ።
ግን ከግድግዳው የተነቀለ በር
ማንን ይሸሽጋል?

ሰባት ሰው ዞሮ አየኝ። «በሩን ልሠራ ነው» አልኩ።
«ሁላችንም» አለ ይመር። ተጠጋጉ። ተቀመጥኩ።

ፊት ለፊቴ የክትባት ፖስተር፣ አንድ የሚስቅ ሕፃን፤
ሙሉውን ሰዓት እሱን አየሁ፣ የሰውን ፊት ፈርቼ።
ስሜን ያን ቀን አልተናገርኩም፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ፤
በአራተኛው ተናገርኩ፤ አጭር ነበር፤ ላብ አጥምቆኝ ወጣሁ።
ከዚያ ወዲህ አንዴ ወድቄያለሁ፣ በጥምቀት ማግስት፤ አልደብቅም፤
ማክሰኞ ስመለስ ወንበሬ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

እትዬ ከበቡሽ መጋዙን በጆንያ ጠቅልላ አመጣች፤
«ዕዳዬስ?» ስላት፣ «በማክሰኞ ክፈል» አለች።

እንድሪስ ግን ከቀረ ሦስት ሳምንቱ ነው። ስልኩ ዝግ ነው።
ሙጋድ አየሁት ያለ አለ፤
ኮምቦልቻ ወርዷል ያለ አለ፤
ይመር ሻይ ሲቀዳ አሁንም የሱን ብርጭቆ ይቀዳል፣
ሲበርድ ያየዋል፣ ይደፋዋል።

በሩን ጨርሻለሁ። ውሃ ልኬን ጫንኩበት፤
አረፋዋ መሐል ቆመች፣ እንደ ሰው ዓይን ረጋ ብላ።
ይገጥማል።
ማክሰኞ ማክሰኞ ግን እኔው በገዛ እጄ
ከሥሩ ስባሪ ጣውላ እሸጉጣለሁ፣ እንዳይዘጋ።
ብርዱ ይገባል።
ይግባ።